ነጩን ጆንያ ያወረድኩበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ ጎረምሳ ጥናት እሠራለሁ ብሎ ቤቴ ድረስ መጣ። እኛ ሰፈር፣ ጅማ መንደራ ቆጪ ውስጥ ጡረተኛ ማግኘት አያስቸግርም፤ በየደጃፉ ፀሐይ ላይ ተሰጥተናል። ልጁ ጨዋ ነው። ቁጭ አለ፣ ስልኩን እንዲቀርጽ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠና፣ "ጋሼ ወርቅነህ፣ በደርግ ዘመን የቡናው ዘርፍ ወደ ኢንዱስትሪ ያልተሸጋገረው በፖሊሲ ክፍተት ነው ወይስ በአፈጻጸም ክፍተት?" አለኝ።

ክፍተት! ይኼን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ሁሉም ነገር ክፍተት ሆኗል። "ልጄ፣ ክፍተት እንኳን አልነበረም። ሁሉም ነገር ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ችግራችንም እሱ ነው" አልኩት። ግራ ተጋባ። ሻዩን ጠጣ፣ አመሰገነኝ፣ ሄደ። እኔ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ከረመ። የሥራ ዘመኔን ለሚጠይቁኝ ሁሉ ሠላሳ ምናምን ዓመት በቡና ላይ አሳለፍኩ እላለሁ፤ እውነት ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ግን የማልነግራት አንዲት የለቀማ ወቅት አለች። እስቲ ዛሬ ልናገራትና ይውጣልኝ።

ሥራ የጀመርኩት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ከባለቤቶቻቸው ተወርሰው የመንግሥት በሆኑ ማግስት ነው። የሁለት ዓመት የእርሻ ትምህርት ነበረኝ፣ አዲስ ደብተር ነበረኝ፣ የሰው ምክር የማይሰማ ጆሮም ነበረኝ። ደመወዜ ምን ያህል እንደነበር አልናገርም፤ ሰው ያለቅሳል። የተመደብኩት አጋሮ አጠገብ ካለው ጣቢያ ነው። እኛ "የታችኛው ጣቢያ" እንለው ነበር። ከአጋሮ ወደ ገራ በሚያወጣው መንገድ ደግሞ ብርዱ የሚበረታበት ሌላ ጣቢያ አለ፤ እሱን "የላይኛው" እንለዋለን።

የማያውቅ ሰው ይኖራልና ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። ቀዩ እሸት ቡና ከዛፉ በተለቀመበት ቀን ማሽን ውስጥ ገብቶ ልጣጩ ይፈለፈላል። ፍሬው ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይቀራል፤ እሱ እስኪለቅ ቡናው ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ይብላላል። ሲደርስ በወራጅ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሲነገር ልጅም ይሠራዋል። ችግሩ ያለው "ሲደርስ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ቀድመህ ካጠብከው አይጠራም፣ ካሳለፍከው ይገማል። የገማ ቡና ደግሞ ከደህናው ጋር አልጋ ላይ ከተገናኘ ደህናውንም ይዞት ይሄዳል።

ይኼን ሥራ ያስተማሩኝ አባ ፊጣ ናቸው። የጅማ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ሂርማታ መርካቶ ከእህል ተራው ጀርባ ነው። ጣቢያው የአንድ ግሪክ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ገንዳ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚፈርሙት በአሻራ ነው። ለቀማ ከገባ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት አይበሉም፣ ጫት አይቅሙም፣ እጃቸውን በሳሙና አይታጠቡም። "አፍንጫዬና እጄ የመንግሥት ናቸው፤ እስከ ጥር ድረስ ለኔ አይደሉም" ይሉ ነበር። ሚስታቸው በዚህ ትስቅባቸው ነበር አሉ።

መጀመሪያ ቀን ደብተሬን ይዤ ገንዳው ዳር ቆሜ ሰዓት ስጽፍ አዩኝ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡም ሲያዝኑም የሚሉት ይኼንኑ ነው። "ደብተሩን ዝጋውና እጅህን ክተት።"

ከተትኩ። አንድ ጭብጥ ቡና ከገንዳው አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉና እጄን በእጃቸው ይዘው ጆሮዬ ሥር አሻሹት።

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም አባ ፊጣ። ያሙለጨልጫል።"

"እንግዲያው ገና ነው። የወንዝ ጠጠር ሲረገጥ እንዴት ይጮኻል? እንደሱ ሲል ንገረኝ።"

ሁለተኛው ዘዴያቸው ዱላ ነው። ልጡ የተላጠ የቡና እንጨት አላቸው። ቢስሚላህ ብለው ገንዳው ወለል ድረስ ይሰኩትና ቀስ አድርገው ይነቅሉታል። ቀዳዳው ተመልሶ ከተደፈነ ቡናው አልደረሰም። እንደ ጉድጓድ ክፍት ሆኖ ከቆመ ደርሷል፤ ውሃውን ልቀቅ። ይኼው ነው! ከዚህ ሌላ መሣሪያ የለም። ሁለት ለቀማ ሙሉ አብሬያቸው ሠርቼ እጄ ማወቅ ሲጀምር ምን ያህል እንደኮራሁ አልረሳውም።

ከዚያ ጅማ ያለው ቢሯችን መመሪያ አወጣ። ቡና በሁሉም ጣቢያ ለሠላሳ ስድስት ሰዓት ይብላላ የሚል። ሞቃት በሆነው በታችኛው ጣቢያም፣ ጠዋት ጠዋት እጅ በሚያደነዝዘው በላይኛውም ያው ሠላሳ ስድስት! ለምን ቢባል ዕቅድ ወጥ መሆን አለበት፤ ሪፖርት ለማጠቃለል ያመቻል። መመሪያውን ለአባ ፊጣ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ለቡናውም አንብብለት።"

እኔም ሰውየው ልክ መሆናቸውን እያወቅኩ ሪፖርቱ ላይ ሠላሳ ስድስት እያልኩ እሞላ ነበር፤ እሳቸው በዱላቸው ያጥቡ ነበር። ቢሮው ደስ ይለዋል፣ ቡናውም ደስ ይለዋል። እንደዚያ እየተዋሸን ብንቀጥል ምን ነበረበት? ግን አላስቀመጡንም።

በሦስተኛው ዓመት የላይኛው ጣቢያ ኃላፊ ተደርጌ ተሾምኩ። አባ ፊጣ ደግሞ የእጥበት ፎርማን ሆነው በኔ ሥር ተመደቡ። እኔ በሳቸው ላይ! ፊደል ስለቆጠርኩ። እሳቸው ምንም ቅር አላላቸውም፤ "አንተ ወረቀቱን ያዝ፣ እኔ ገንዳውን" አሉኝ። ስድስት ገንዳ ነበረን።

እዚያ ጣቢያ ላይ፣ ግሪኩ እዚያም ያሠራቸው በነበረ ጊዜ፣ እሳቸው ያስለመዷት አንድ ልማድ ነበረች። ጣቢያው ሸለቆ ውስጥ ወንዝ ዳር ነው፤ የገበሬው ቡና ዙሪያውን ካሉት ተዳፋቶች ላይ ነው። ስድስቱም ገንዳ ሲሞላ አባ ፊጣ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ነጭ የዱቄት ጆንያ ይሰቅላሉ። ገበሬው ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ቁልቁል ያያል። ነጭ ካለ በዚያ ቀን አይለቅምም፤ ቡናው ዛፉ ላይ ይቆያል። ዛፍ ላይ የቆየ ቀይ ቡና ሁለት ቀን ምንም አይሆንም፤ ተለቅሞ የተከመረ ግን ባደረበት ይግላል። ጆንያው ሲወርድ ደግሞ ለቅሞ ያመጣል። ስልክ የለ፣ ጥሩምባ የለ፣ ስብሰባ የለ። አንድ ጆንያ ሸለቆውን በሙሉ ታስተዳድር ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ብዙ የዕቅድ ሰነድ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ጆንያ የሚሠራ አላየሁም።

የዚያን ዓመት ዛፉ ጎንበስ እስኪል አፈራ። ይኼኔ ነው የጣቢያዎች የምርት ውድድር የመጣው። አንደኛ የሚወጣው ብዙ ኩንታል እሸት የተቀበለ ጣቢያ ነው። ልብ በሉ፤ ጥሩ ቡና ያወጣ አላሉም። የተቀበለ! ይኼን ያሰበ ሰው ቡና ሲጠጣ እንጂ ሲሠራ አይቶ አያውቅም።

ለቀማው በተጋጋለ በሁለተኛው ሳምንት የምርት ኃላፊያችን ጓድ አስናቀ በላንድሮቨር ከች አለ። የዚያን ቀን ገንዳው ሁሉ ሞልቶ ጆንያዋ ተሰቅላለች። ከመኪናው ሳይወርድ ጀምሮ ሽቅብ ወደሷ አንጋጠጠ።

"ይኼ ምንድነው?"

"ጓድ፣ ገንዳ ሲሞላ የሚሰቀል ምልክት ነው። ገበሬው አይቶ እንዳይለቅም ነው" አልኩ።

"እንዳይለቅም? አገሪቱ ምርት በእጥፍ ስትጠይቅ አንተ አትልቀሙ ብለህ ባንዲራ ትሰቅላለህ?"

"ባንዲራ አይደለም ጓድ፣ ጆንያ ነው።"

"ነጭ ነው! ነጭ የሚሰቅል ማነው? እጁን የሰጠ ነው። በምርት ግንባር ላይ እጃችንን ሰጥተናል ወይ?"

አባ ፊጣ ከገንዳው ዳር መጡ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀስ ብለው፣ "ማሎ፣ እባክዎ ጌታዬ፣ ገንዳው ስድስት ነው። ሰባተኛ ስጡንና ጆንያውን እኔ ራሴ አወርደዋለሁ" አሉ።

"ሰባተኛው ገንዳ ቆራጥነት ነው" አለ ጓድ አስናቀ። ቡና በቆራጥነት ውስጥ ሲብላላ እስከ ዛሬ አላየሁም። ከመኪናው ውስጥ ለበዓል የተዘጋጀ ቀይ ጨርቅ አውጥቶ ሰጠኝ። "ነጩን አውርድ፤ ይኼን ስቀል።"

"ቀዩ ምን ማለት ነው? ገበሬው ቀይ አያውቅም" አሉ አባ ፊጣ።

"ገበሬው ቀይን ከማንም በላይ ያውቃል!"

ወጥቼ አወረድኩት። እኔ ራሴ፣ በገዛ እጄ ነጩን አውርጄ ቀዩን አሰርኩ። ጓድ አስናቀ አጨበጨበና ሄደ። ዛሬ ሳስበው እሱም ከበላዩ ኮታ የተጫነበት ሰው ነበር። መኪናው ጥምዝዙን ሲያልፍ አባ ፊጣ ወደኔ ዞሩ።

"ሄደ። አሁን ነጩን መልሰው።"

"አልችልም አባ ፊጣ።"

"ማን ያይሃል?"

"ትእዛዝ ነው።"

እውነቱን ልናገር፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አንደኛ መውጣት ፈልጌ ነበር። የታችኛው ጣቢያ ኃላፊ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር፤ እሱን መብለጥ አማረኝ። ለዚህ ብዬ ነው። ሌላ ሰበብ ብፈልግ አላገኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሸለቆው በሰውና በአህያ ተሞላ። ቁጥሩ ከወትሮው እጥፍ ነው። ነጭ አትልቀሙ ከሆነ ቀይ ምን ይሆናል? ገበሬው አስቦ ደረሰበት፦ ቀይ ማለት ቀዩን ሁሉ አምጡ ማለት ነው! ሕፃን አዋቂ ሳይቀር ወጥቶ ለቀመ። አማካሪ መሥሪያ ቤት ቢቀጠር ከዚህ የተሻለ ትርጉም አያገኝም። እኔም ተቀበልኩ። መዘንን፣ ከመርን፣ መዘንን፣ ከመርን። ሲመሽ ቁጥሩን አጋሮ ልኬ ከዚያ ለቢሮው በስልክ አስነገርኩ። "ብራቮ!" ተባልኩ።

ይባስ ብሎ የመፈልፈያው ዲስክ አለቀ። አዲስ የሚገኘው አጋሮ ካለው ግምጃ ቤት ነው፤ ትክክለኛውን ለይቶ የሚያመጣ ሰው ደግሞ ከአባ ፊጣ በቀር የለም። ላክኋቸው። ሲሄዱ፣ "ክምሩን አገላብጡት፣ ውሃ አርከፍክፉበት። ገንዳ ውስጥ ያለውን ግን እስክመጣ እንዳትነኩ" ብለው ነው የሄዱት። አንድ ዲስክ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ስብሰባ ላይ ነው። ሁለት ቀን ቀሩ።

በሁለተኛው ቀን ወይዘሮ ዘይነባ መጡ። ማዶ ካለው ተዳፋት ላይ አንዲት ማሳ ያላቸው፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ቡናቸውን በአንዲት አህያ ነው የሚያመጡት። ጆንያቸውን ሳያወርዱ ክምሩ ውስጥ እጃቸውን ከተቱና መልሰው አወጡት።

"ያ ረቢ! ይኼ'ኮ ይፋጃል!"

"እናገላብጠዋለን እትዬ ዘይነባ፤ ያውርዱት።"

"አባ ፊጣ የት አሉ?"

"አጋሮ ናቸው።"

"ስድስት ዓመት እዚያ እንጨት ላይ ቀና ብዬ እያየሁ ስለቅም ዋሽተውኝ አያውቁም። ዛሬ እዚያ ላይ ሆኖ የሚዋሸን ማነው?"

አህያቸውን ከነጭነቷ አዙረው ሄዱ። ብልህ ሴት! ሌሎቹ ግን አራግፈው ሄደው ነበር።

ክምሩ መሽተት ሲጀምር ራሴን አጣሁ። ያረጀውን ዲስክ እንደምንም አጥብቀን የፈለፈልነውን ፈለፈልን፤ ግን የት ይግባ? ገንዳ አራት ውስጥ ያለው ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። "እዚያ ላይ ጨምሩ" አልኩ።

አጣቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው፣ "አባ ፊጣ ይምጡ እንጂ" አለ።

"የዚህ ጣቢያ ኃላፊ ማነው? አባ ፊጣ ናቸው እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። ጨመሩበት። አራት ላይ፣ ቀጥሎ አምስት ላይ። የደረሰና ያልደረሰ ቡና አንድ ላይ ማብላላት ማለት ቀድሞ የገባው እስኪገማ የኋለኛውን መጠበቅ ማለት ነው። ይኼን አላውቅም ነበር ልበል? አሳምሬ አውቅ ነበር። በእጄ ያስተማሩኝ ነገር ነው።

አባ ፊጣ ዲስኩን በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ። መሬት ሳያስቀምጡት አፍንጫቸው ነገራቸው። ወደ ገንዳ አራት ሄዱ፣ ዱላቸውን ሰኩ፣ ነቀሉ። ቀዳዳው ከላይ ተደፈነ፣ ከታች ክፍት ቀረ።

"ማን ጨመረ?"

"እኔ" አልኩ።

ዲስኩን ቀስ ብለው አስቀመጡና ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። "በል እሺ" አሉ። "የነዚህን ሁለት ገንዳዎች ቡና ለብቻው አልጋ እናድርቀው። ለብቻው ጆንያ ይግባ። ደህናውን አናስነካው።"

ይኼንንም እንቢ አልኳቸው። አንደኛ ደረጃ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለኋ! ቁጥሩ ሄዷል፤ ቁጥር ከሄደ በኋላ ቡናው ቁጥሩን ይከተላል እንጂ ቁጥሩ ቡናውን አይከተልም። ሁሉም አንድ ላይ ደረቀ፣ አንድ ላይ ተጫነ።

ለቀማው ሲጋመስ ተቆጠረና ውድድሩን አንደኛ ወጣን። ጅማ ድረስ ተጠርቼ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ጓድ አስናቀ ጨበጠኝ። ከሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ የቀማሾቹ ቃል መጣ፦ የላይኛው ጣቢያ ቡና በሙሉ ገምቷል፤ ለውጭ ገበያ አይሆንም። ያ ሁሉ የሸለቆው ሰው ላብ! ወዲያው ነገሩ ስሙን ቀየረ። ቡና ተበላሸ መባሉ ቀርቶ የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለ። በዚያን ጊዜ ይኼ ቃል ሰው ላይ ከወደቀ ምን እንደሚያስከትል የኖረበት ያውቀዋል።

ሦስት ሰዎች መጡ። መጋዘኑ ውስጥ ጠረጴዛ አስቀርበው እኔን አስጠሩ። አባ ፊጣ ውጪ ከጣውላው ግድግዳ ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ግማሹ ቡና ገና ዛፍ ላይ ነው፤ ገንዳ ሁለትና ሦስት ውስጥም የተኛ አለ።

"የደረሰውንና ያልደረሰውን የቀላቀለው ማነው?" አለ መሐል የተቀመጠው።

እኔ ነኝ ማለት አምስት ፊደል አይሞላም። አላልኩም።

"ገንዳው በማን ኃላፊነት ነው?"

"በእጥበት ፎርማኑ፣ በአባ ፊጣ" አልኩ።

ውሸት አይደለም አይደል? ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው። ሰውየው ጻፈ። እሳቸው በዚያ ቀን አጋሮ እንደነበሩ አልተናገርኩም። የግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ አሻራቸው እንዳለ አልተናገርኩም። ቀይ ጨርቅም አላነሳሁም። ተጠርተው ሲገቡ እሳቸውም አንድ ቃል አልተናገሩም። "አንተ ነህ?" ሲባሉ መሬት መሬት አዩ።

ሲወስዷቸው የስግደት ምንጣፋቸውን ብቻ ነው የያዙት። መኪናው ላይ አንድ እግራቸውን አንስተው ወደኔ ዞሩ። አሁን ይረግሙኛል አልኩ።

"ገንዳ ሁለት ነገ ጠዋት ይደርሳል" አሉኝ። "እንዳታሳልፈው።"

ገንዳ ሁለትን አላሳለፍኩትም። በማግስቱ ጠዋት ዱላቸውን አንስቼ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ቀዳዳው ቆመ፣ አጠብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ቡና አጥቤ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን አጣቢዎቹን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እንጨቱ ላይ ነጭ ብመልስም ቀይ ብሰቅልም ከተዳፋቱ ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ወባ ያዘኝ ብዬ የሕክምና ወረቀት አወጣሁ። ወባም አልነበረብኝ። ጅማ ቢሮ ተዛወርኩ። በኔ ቦታ የተተካው የቢሮ ጸሐፊ መመሪያውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በሰዓት ሲያጥብ ከረመ። የቀረው ቡና ግማሹ ገንዳ ውስጥ ገማ፣ ግማሹን ገበሬው ከነልጣጩ ደጃፉ ላይ አስጥቶ በጀንፈል ጨረሰው።

አባ ፊጣ ሰባት ወር ታስረው ተፈቱ። ወደ ላይኛው ጣቢያ አልተመለሱም፤ ከሥራ ተሰናበቱ። እኔ ከዚያ ወዲያ ሊሙ ሠራሁ፣ ሰቃ ሠራሁ፣ ዕድገት አገኘሁ። ኧረ ምን ያላገኘሁት አለ! ቤታቸው ባለበት በእህል ተራው ጀርባ ላለማለፍ ግን ሦስት ዓመት ዙሪያ ጥምጥም ሄጃለሁ። በመጨረሻ ራሴን ጠላሁት። አንድ ቅዳሜ ከገበያው ግርግር መሐል ተነሥቼ በቀጥታ ሄድኩ።

አባ ፊጣ በራቸው ላይ ኮረሪማና በርበሬ በመደብ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

"ወርቁ! ሞተህ ነበር እንዴ አንተ?" አሉና ጎናቸው ያለውን በርጩማ ሳቡልኝ። "ተቀመጥ፣ ተቀመጥ ኢልማ ኮ።"

አልተቀመጥኩም። "ይቅር ይበሉኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አልኩ። "የዚያን ቀን መጋዘን ውስጥ..."

"ሰምቻለሁ እኮ። ጣውላ ነበር ግድግዳው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ? አጋሮ ነበርኩ ማለት ነበረብዎ! አሻራዎ መዝገብ ላይ ነበር!" ይገርማል፤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ መልሼ እሳቸውን እቆጣለሁ።

"ቁጭ በል መጀመሪያ።" ቁጭ አልኩ። "እነዚያ ሰዎች አንድ ሰው ሊወስዱ ነው የመጡት። ሁለት ሰው ሲካሰስ ካዩ ሁለቱንም ነው የሚጭኑት። ግማሹ ቡና ዛፍ ላይ ነበር። ሥራውን ደግሞ በእጁ ያስተማርኩት ሰው አንተ ብቻ ነህ። ሁለታችንም ብንሄድ የዚያን ሁሉ ድሃ ቡና ማን ያጥበዋል? አንዳችን መቅረት ነበረብን።"

እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዘውት የቆዩት ጥያቄ እንደሆነ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

"በል ንገረኝ እስቲ። የቀረውን በደህና አጠብከው?"

ልናገር ነበር። እምላለሁ፣ አፌ ላይ ነበር። የመጣሁትም እውነት ልናገር ነበር። ግን ዓይናቸውን አየሁት።

"አዎ አባ ፊጣ። በደህና ነው ያጠብኩት።"

"አልሐምዱሊላህ!" ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "ዱጋ? እውነት? ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ወላሂ፣ እዚያ ሆኜ በየቀኑ የምጨነቀው እሱን ነበር። በከንቱ አልታሰርኩም በለኛ!" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወደ ጎረቤታቸው ጨው ሻጭ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይኸውልህ! ያ ልጅ ያልኩህ! አጥቦታል እልሃለሁ፣ ሁሉንም!" አሉት። ጨው ሻጩም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

እሳቸው አንድ እፍኝ ኮረሪማ በወረቀት ጠቅልለው፣ "ለእናትህ ውሰድላት" ብለው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ባለፍኩ ቁጥር ከመንገድ ጠርተው ያስቀምጡኝና ለሚመጣው ገዢ ሁሉ ይኼንኑ ያወሩልኝ ነበር። እኔም እሰማ ነበር።